በቅኝ ግዛት ኬንያ የነበረው የስምጥ ሸለቆ የምርጫ ክልል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኬንያን ፖለቲካ የሚከታተል ሰው ስምጥ ሸለቆ የሚለውን ስም በየምርጫው ይሰማል። ብዙዎች የሚያውቁት ትልቁን ክፍለ ሀገር ወይም የፕሬዝዳንት ሞይን አገር ነው። ከዚያ በፊት ግን በዚሁ ስም የሚጠራ የምርጫ ክልል ነበር። ጥቂት ነጭ ገበሬዎች ብቻ የሚመርጡበት የገጠር ክልል ነው። ዛሬ በቦታው የሚታየው የመሬትና የፖለቲካ ጠብ ያኔ ማን እንደተቆጠረና ማን እንዳልተቆጠረ ሳያውቁ አይገባም ብዬ አምናለሁ። ጥያቄዎቹን የመለስኩትም ከዚህ በመነሳት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምርጫ ክልሉ ምን ነበር?

ኬንያ በእንግሊዝ ስር ሳለች የሕግ አውጪ ምክር ቤት ነበራት። ሰዉ አሳጥሮ ሌጅኮ ይለዋል። በ1920 መጀመሪያ ላይ ለምክር ቤቱ የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ። ለዚያ ምርጫ አገሩ በ11 የምርጫ ክልሎች ተከፈለ። ናይሮቢና ሞምባሳ የከተማ ክልሎች ነበሯቸው። ስምጥ ሸለቆ ከገጠሮቹ አንዱ ነው። ልቡ በናኩሩ ዙሪያ ያለው የእርሻና የከብት አገር ነበር። ከኛ ዝዋይና አዋሳ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው ያው ሸለቆ ኬንያ ሲደርስ ናኩሩንና ናይቫሻን የመሳሰሉ ሐይቆች ይዞ ይቀጥላል።

አስራ አንዱም ወንበሮች የነጮች ነበሩ። መራጩም ተመራጩም ነጭ ነው።

ምክር ቤቱ መቼ ተጀመረ?

የተቋቋመበት ትእዛዝ ከለንደን የወጣው በ1906 ነው። መጀመሪያ የተሰበሰበው ደግሞ በ1907 ናይሮቢ ላይ። ያን ጊዜ ሁሉም አባላት በገዥው የሚሾሙ ነበሩ። ነጭ ሰፋሪዎቹ ግን ገና ከመጀመሪያው "ግብር የምንከፍል ሰዎች መምረጥ አለብን" እያሉ ይጮሁ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥያቄያቸው ተሰማ። የምርጫው ሕግ በ1919 ወጣ። በ1920 ራሷ አገሪቱም "የምሥራቅ አፍሪካ ጥበቃ ግዛት" መባሏ ቀርቶ የኬንያ ቅኝ ግዛት ተባለች።

ከሰፋሪዎቹ በፊት ቦታው የማን ነበር?

የማሳዮች። ቢያንስ ከናይቫሻ እስከ ናኩሩ ያለው የሣር ምድር የማሳይ ከብት የሚሰማራበት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ግን የከብት በሽታ፣ ፈንጣጣ፣ ድርቅና የእርስ በርስ ጦርነት ተደራረቡባቸው። እንግሊዞች የባቡር ሐዲዳቸውን ይዘው በሸለቆው ሲያልፉ ያገኙት የተጎዳ ሕዝብ ነው። ሐዲዱ በ1899 ናይሮቢ፣ በ1901 ደግሞ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ።

ባቡሩ ብዙ ገንዘብ ፈጅቷል። ገንዘቡን የሚመልስ ጭነት ያስፈልጋል። ለዚህ የተገኘው መላ ነጭ ገበሬዎችን ጠርቶ መሬት መስጠት ሆነ።

በ1904 ከማሳይ መሪዎች ጋር ስምምነት ተፈረመ። ከፈራሚዎቹ ዋነኛው ኦሎናና ነበር። ማሳዮች ሸለቆውን ለቀው በሁለት የተከለሉ ቦታዎች እንዲኖሩ ተወሰነ። አንዱ በሰሜን ላይኪፒያ ነው፤ ሌላው ከሐዲዱ በስተደቡብ። ስምምነቱ ማሳይ የሚባል ሕዝብ እስካለ ድረስ ይጸናል ተባለ።

ሰባት ዓመት አልፈጀም። ላይኪፒያም ለሰፋሪ ተፈለገ። በ1911 ሁለተኛ ስምምነት ተፈረመና የሰሜኑ ማሳይ ከነከብቱ ወደ ደቡብ ተነዳ። ማሳዮች ዝም አላሉም። ጠበቃ ቀጥረው በ1913 ፍርድ ቤት ሄዱ። ጉዳዩ በከሳሹ ስም የኦሌ ንጆጎ ጉዳይ ተብሎ ይታወቃል። ፍርድ ቤቱ የመለሰው ስምምነቱ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ውል ስለሆነ በእኔ አይታይም የሚል ነው። አስቡት፤ መሬታቸው ሲወሰድ የሚገዙ ሕዝቦች ናቸው፤ ሲከሱ ደግሞ የውጭ መንግሥት ሆኑ። የስምጥ ሸለቆ የምርጫ ክልል የተዘረጋው እንዲህ በተለቀቀ መሬት ላይ ነው።

መምረጥ የሚችለው ማን ነበር?

ዕድሜው የደረሰ፣ የእንግሊዝ ዜግነት ያለው አውሮጳዊ። የነጭ ሴቶችም ድምፅ ነበራቸው። ለዘመኑ ቀደም ያለ ነገር ነው። እንግሊዝ አገር ውስጥ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመረጡት በ1928 ነውና።

ነገር ግን ይህን ከአጠቃላዩ የሕዝብ ብዛት ጋር ማየት ያስፈልጋል። በ1921 ቆጠራ በመላው ኬንያ ከ10,000 ያነሱ አውሮጳውያን ነበሩ። ህንዶች ከ22,000 ይበልጣሉ። አፍሪካውያኑ በግምት 2.5 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። አስራ አንዱ ወንበር ለአስሩ ሺህ ተሰጠ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከብት የሚጠብቀው፣ እርሻውን የሚያርሰው፣ ቤት የሚጠርገው ሰው በመራጮች መዝገብ ላይ የለም።

የመጀመሪያው ተመራጭ ማን ነበር?

ሎርድ ደላሚር። ሙሉ ስሙ ሂው ቾመንድሊ ሲሆን የደላሚር ሦስተኛው ባሮን ነው። የተወለደው በ1870 ነው። በ1920 የስምጥ ሸለቆን ወንበር ያዘ። እስከሞተበት እስከ 1931 ድረስም የሰፋሪዎቹ ዋና መሪ ሆኖ ቆየ።

ወደ ኬንያ የገባበት መንገድ ለኛ ቅርብ ነው። ሰውየው አንበሳ አዳኝ ነበር። በሶማሌ ምድር ብዙ ጊዜ ተመላልሷል። እዚያ አንበሳ ነክሶት ዕድሜ ልኩን ሲያነክስ ኖሯል። በ1890ዎቹ አጋማሽ ከበርበራ ተነስቶ በግመል ወደ ደቡብ አቀና። የዛሬውን የኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅና የቦረና አገር አቋርጦ በ1897 ላይኪፒያ ደጋ ላይ ወጣ። ከዚያ ሁሉ በረሃ በኋላ ለምለሙን ደጋ ሲያይ ልቡ እዚያው ቀረ።

በ1903 ንጆሮ አጠገብ 100,000 ኤከር በሊዝ ተሰጠው። በኛ የድሮ ልኬት አንድ ሺህ ጋሻ ገደማ ማለት ነው። ለአንድ ሰው!

እርሻው ግን ቶሎ አልሰመረለትም። ከኒውዚላንድ ያስመጣቸው በጎች አለቁበት። አፈሩ ማዕድን ይጎድለው ነበርና ሣሩ ለምለም ሆኖ ሳለ ከብቱ ይከሳል። ማሳዮች ያንን ሜዳ የሚሸሹት ለዚህ ነበር ይባላል። ከዚያ ወደ ስንዴ ዞረ። ስንዴውን ደግሞ ዋግ መታው። ተስፋ አልቆረጠም፤ ባለሙያ ቀጥሮ ዋግ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ማዳቀል ጀመረ። በ1908 ኡንጋ የተባለውን የዱቄት ድርጅት አቋቋመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ንጆሮ ዛሬም የስንዴ ዋግ ምርምር ማዕከል ነው። የብዙ አገር የስንዴ ዝርያዎች፣ የኢትዮጵያም ጭምር፣ አዲሱን የግንድ ዋግ ይቋቋሙ እንደሆነ የሚፈተኑት እዚያ ነው። ከዚያ ዘመን ከተረፉት ነገሮች ውስጥ ለድሃ ገበሬ የሚጠቅመው ይሄ ነው።

ደላሚር ከማሳዮች ጋር ይወዳጅ ነበር። ቋንቋቸውን ይናገራል። እረኞቹም ማሳዮች ነበሩ። ይሄ እውነት ነው። ምክር ቤት ሲቀመጥ ግን የቆመለት ጉዳይ አንድ ነው፤ ደጋው የነጮች ሆኖ እንዲቀር። ሁለቱን አብሮ ማየት ይከብዳል፤ ግን ሰውየው ሁለቱንም ነበር።

ናይሮቢ መሃል ላይ ሐውልት ቆሞለት ነበር። ጎዳናውም በስሙ ይጠራ ነበር። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ተነሳ፤ ጎዳናው የኬንያታ ጎዳና ሆነ።

ተመራጮቹ እውነተኛ ሥልጣን ነበራቸው?

በወረቀት ላይ ብዙም የላቸውም። በምክር ቤቱ ውስጥ የመንግሥት ሹማምንቱ ይበዛሉ። ድምፅ ሲሰጥ ገዥው ያሸንፋል። ይህ የሹማምንት ብልጫ የቀረው በ1948 ነው።

በተግባር ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ገዥዎቹ ከሰፋሪዎቹ ጋር መጣላት አይፈልጉም። ተመራጮቹ በበጀትና በመሬት ጉዳይ ኮሚቴዎች ውስጥ ይቀመጣሉ። እራት ላይ፣ ፈረስ ውድድር ላይ፣ ክበብ ውስጥ ከሹማምንቱ ጋር ይገናኛሉ። ውጤቱን ለማየት የ1921ንና የ1922ን ግብር ማየት ይበቃል። መንግሥት በ1921 የገቢ ግብር አወጣ። ሰፋሪዎቹ ተቃወሙ። በዓመቱ ተሰረዘ፤ እስከ 1937ም አልተመለሰም። በዚያው ወቅት አፍሪካዊው የሚከፍለው የጎጆ ግብር 16 ሽልንግ ደርሶ ነበር። ወደ 12 ዝቅ ያለው ተቃውሞና ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ያም ብቻ አይደለም። ከውጭ በሚገባ ስንዴና ዱቄት ላይ ቀረጥ ተጣለ፤ የነጮቹ እርሻ እንዲጠበቅ። የባቡር ታሪፉም ለምርታቸው ዝቅ ተደረገ። ኪፓንዴ የሚባለው መታወቂያ ደግሞ ከ1919 ጀምሮ በአፍሪካዊ ወንዶች አንገት ላይ ተንጠለጠለ። በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የሚያዝ ወረቀት ነው። አሠሪው ካልፈረመበት ሠራተኛው ሌላ ቦታ መቀጠር አይችልም።

ህንዶቹስ?

እነሱ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም መራጭ ዘር ሳይለይ በአንድ መዝገብ ይመዝገብ። ሰፋሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። በ1922 እና 1923 መሣሪያ እስከማዘጋጀትና ገዥውን አፍኖ ለመውሰድ እስከማቀድ ደረሱ። ደላሚር የሰፋሪዎቹን ልዑካን ይዞ ለንደን ሄደ።

በሐምሌ 1923 የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ የዴቮንሽር መስፍን ውሳኔውን አሳወቀ። መዝገቡ በዘር ተለያይቶ ይቀጥላል። ነጮች 11፣ ህንዶች 5፣ ዓረቦች 1 ተመራጭ ይኖራቸዋል። ደጋው ለነጮች ይጠበቃል። በዚሁ ሰነድ ላይ ግን ኬንያ በዋናነት የአፍሪካውያን አገር ናት፤ ጥቅሞች ሲጋጩም የአፍሪካውያኑ ይቀድማል የሚል ቃል ሰፈረ። ዓረፍተ ነገሩ የተጻፈው ሰፋሪውንም ህንዱንም ለማርገብ ነው። ለአፍሪካውያን ያኔ ያመጣላቸው ነገር አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ግን ያንኑ ቃል ይዘው ይከራከሩበት ጀመር።

አፍሪካውያንን ማን ይወክል ነበር?

ከ1924 ጀምሮ አንድ የተሾመ ነጭ ሚስዮናዊ፤ ጆን አርተር ይባላል። የመጀመሪያው አፍሪካዊ አባል ኤሊዩድ ማቱ የገባው በ1944 ነው፤ እሱም ተሹሞ። ከ1920 እስከ 1944 ድረስ በምክር ቤቱ ውስጥ አንድም ጥቁር ፊት አልነበረም ማለት ነው።

በክልሉ ውስጥ የሚኖረው አፍሪካዊ ሕይወት ምን ይመስል ነበር?

ይህን ጥያቄ ሰዎች ብዙ ጊዜ አይጠይቁትም፤ ለኔ ግን ዋናው ነው።

ሰፋሪው መሬት አለው፤ ጉልበት የለውም። ከማዕከላዊ ደጋው የመጡ ኪኩዩዎች ደግሞ መሬት ጠቧቸዋል። ስለዚህ ወደ ስምጥ ሸለቆ ጎረፉ። ካሌንጂኖችና ሌሎችም ነበሩ። ከሰፋሪው ጋር የሚገቡት ውል እንዲህ ነው፦ እርሻው ጥግ ላይ ጎጆ ይቀልሳሉ፣ ቁራሽ መሬት ያርሳሉ፣ ፍየልና ከብት ያሰማራሉ። በምትኩ ለባለርስቱ በዓመት ለተወሰኑ ቀናት በትንሽ ደሞዝ ይሠራሉ። የ1918ቱ ሕግ ቀኑን 180 አደረገው። የኛ አገር ጭሰኛ እህሉን ያካፍል ነበር፤ የስምጥ ሸለቆው ጭሰኛ የሚያካፍለው ቀኑን ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ብዙ አልከፋም። መሬቱ ሰፊ ነው። የጭሰኛው ከብት ይረባል። ቤተሰቡም ይሰፋል። በ1930ዎቹ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በነጮች እርሻ ላይ በዚህ ሁኔታ ይኖር ነበር። ብዙዎቹ ልጆች እዚያው ተወልደዋል። ሌላ አገር አያውቁም።

ከዚያ ሰፋሪው እየጠነከረ መጣ። የራሱን የተሻሻሉ ከብቶች ሲያስገባ የጭሰኛው ከብት በሽታ ያመጣብኛል አለ። መሬቱንም ለራሱ ፈለገው። በ1937 ሌላ ሕግ ወጣ። ጭሰኛው ስንት ከብት እንደሚይዝ፣ ስንት ቀን እንደሚሠራ የሚወስኑት የሰፋሪዎቹ የአካባቢ ምክር ቤቶች ሆኑ። ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል የሥራ ቀኑ ከ200 በላይ ወጣ። ከብት ተሸጠ፣ ተወረሰ። ያልፈረመ ተባረረ። ኦሌንጉሩኦኔ በተባለው የሰፈራ ቦታ የነበሩ ኪኩዩዎች አንፈርምም፣ አንለቅም ብለው በመሐላ ተሳሰሩ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ተባረሩ። ያ መሐላ ማው ማው ወደተባለው የፀረ ቅኝ ግዛት አመጽ ካደረሱት መንገዶች አንዱ ነው።

እንግዲህ ይህን ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት ውስጥ የስምጥ ሸለቆ ተወካይ አለ። የማን ተወካይ እንደሆነ ግልጽ ነው። ክልሉ የተለካው በኤከር ነው እንጂ በሰው አልነበረም።

ማይክል ብላንደል ማን ነው?

የክልሉ የመጨረሻ ዘመን ሰው። በ1907 እንግሊዝ ተወለደ። በ1925 በወጣትነቱ ኬንያ ገባና ገበሬ ሆነ። በ1948 የስምጥ ሸለቆን ወንበር አሸነፈ። ድምፀ መረዋ ዘፋኝና አትክልት ወዳድ ነበር ይባላል።

በጥቅምት 1952 በማው ማው ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ብላንደል በጦር ምክር ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። በ1955 የእርሻ ሚኒስትር ሆነ። ጦርነቱን በቅርብ ማየቱ ግን አሳቡን ቀየረው። ነጮቹ ብቻቸውን ሊገዙ እንደማይችሉ ገባው። በ1959 ዘር የማይለይ የፖለቲካ ቡድን አቋቋመ። በ1960 መጀመሪያ ላይ በለንደን ላንካስተር ሐውስ በተደረገው ጉባኤ ላይ በአፍሪካውያን ብልጫ የሚመራ ምክር ቤት እንዲመጣ ተስማማ።

ወደ ናይሮቢ ሲመለስ አውሮፕላን ጣቢያው ላይ አንድ ሰፋሪ 30 ሳንቲሞች እግሩ ስር ወረወረበት። ይሁዳ ማለቱ ነው። ወንጌልን የሚያውቅ አንባቢ ይህ ስድብ ምን ያህል እንደሚያቆስል ይገባዋል። ብላንደል ግን አላፈገፈገም። ለዚህ አከብረዋለሁ።

ሁለት የስምጥ ሸለቆ ክልሎች ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በመጋቢት 1957 አፍሪካውያን ለመጀመሪያ ጊዜ መረጡ። ስምንት ወንበሮች ተሰጧቸው። ቶም ምቦያ ናይሮቢን፣ ኦጊንጋ ኦዲንጋ መካከለኛው ኒያንዛን፣ ሮናልድ ንጋላ የባሕር ዳርቻውን ያዙ። ስምጥ ሸለቆን ያሸነፈው ደግሞ ዳንኤል አራፕ ሞይ የሚባል የባሪንጎ መምህር ነው። ከ1955 ጀምሮ በሹመት ገብቶ ነበር፤ አሁን ግን በድምፅ ተመረጠ።

የነጮቹ የስምጥ ሸለቆ ክልል ግን አልተዘጋም። ብላንደል ወንበሩ ላይ አለ። ስለዚህ በአንድ ምክር ቤት፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ተወካዮች ተቀመጡ። አንዱ ጥቂት ሺህ ነጮችን ይወክላል። ሌላው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያለበትን ሰፊ አገር።

የአፍሪካውያኑ ድምፅም ቢሆን ሙሉ አልነበረም። መራጩ ትምህርት፣ ገቢ፣ ንብረት ወይም የአገልግሎት ማስረጃ ማሳየት አለበት። ብዙ መስፈርት ያሟላ እስከ ሦስት ድምፅ ይኖረዋል። ምንም ያላሟላ ዜሮ። ኪኩዩ፣ ኤምቡና ሜሩ ከሆነ ደግሞ ለመንግሥት ታማኝ ነህ የሚል የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። በስምጥ ሸለቆ እርሻዎች ላይ ያደጉት ኪኩዩዎች በአዋጁ ጊዜ በገፍ ወደ ተከለሉት ቦታዎች ተጭነው ስለነበር ከምርጫው ውጭ ሆኑ።

በነገራችን ላይ በዚያው በ1957 ኢትዮጵያም በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ መርጣለች።

የነጮቹ ክልል የመጨረሻ ምርጫ እንዴት ነበር?

በ1961 ተደረገ። ደንቡ ውስብስብ ስለነበር ቀስ ብዬ ላስረዳ። 33 ወንበሮች ለሁሉም ክፍት ሆኑ። 20 ደግሞ ለአናሳዎች ተጠበቁ፤ 10 ለአውሮጳውያን፣ 8 ለእስያውያን፣ 2 ለዓረቦች። ለተጠበቀ ወንበር የሚወዳደር ሰው መጀመሪያ በራሱ ማኅበረሰብ ዘንድ ይቀርባል። ከነሱ ድምፅ ቢያንስ 25 በመቶ ካላገኘ ይወድቃል። ካለፈ ደግሞ ዘር ሳይለይ ሁሉም መራጭ ይመርጠዋል።

በስምጥ ሸለቆ ብላንደልን የተቃወመው ሰር ፈርዲናንድ ካቨንዲሽ ቤንቲንክ ነበር። የድሮ የምክር ቤት ሰው ነው፤ የጠንካሮቹ ሰፋሪዎች ተስፋ። በነጮቹ ዙር ካቨንዲሽ ቤንቲንክ በሰፊው በለጠ። ብላንደል ሩቡን ትንሽ አልፎ ለጥቂት ተረፈ። ሁለተኛው ዙር ላይ አፍሪካውያኑ ሲጨመሩ ነገሩ ተገለበጠ። ብላንደል በከፍተኛ ብልጫ አሸነፈ።

አርባ ዓመት ሙሉ በነጭ ድምፅ ብቻ ሲያዝ የኖረው ወንበር የመጨረሻ ባለቤቱን ያገኘው በጥቁር ድምፅ ነው።

ከምርጫው በኋላ አብላጫ ያገኘው ካኑ የተባለው የአፍሪካውያን ፓርቲ የታሰረው የነጻነት መሪ ኬንያታ ሳይፈታ መንግሥት አንመሠርትም አለ። ስለዚህ ተፎካካሪው ፓርቲ ካዱ በብላንደል ቡድን ድጋፍ መንግሥት መሠረተ። የካዱ መሪ ሮናልድ ንጋላ ነበር፤ ሞይም ከፓርቲው ዋና ሰዎች አንዱ ነው። እናም ሁለቱ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች በአንድ መንግሥት ውስጥ ገቡ።

መቼ ቀረ?

በ1963 አዲስ ሕገ መንግሥት መጣ። በዘር የተለየ ወንበር ቀረ። በግንቦት አዲስ ምርጫ ተደረገ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ኬንያ ነጻ ወጣች።

ከስምጥ ሸለቆ ክፍለ ሀገር ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ክፍለ ሀገሩ የአስተዳደር ክፍል ነበር፤ ከቱርካና በረሃ እስከ ታንዛኒያ ድንበር የሚዘልቅ። የነጮቹ የምርጫ ክልል ከሱ በጣም ያነሰ ነው። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ክፍለ ሀገሮችን አስቀርቶ 47 ካውንቲዎችን አመጣ። የቀድሞው የስምጥ ሸለቆ ክፍለ ሀገር 14 ካውንቲ ሆነ። የድሮው የነጮች ክልል እምብርት ዛሬ በአብዛኛው ናኩሩ ካውንቲ ውስጥ ነው።

ዛሬ ያለው የመሬት ጠብ ከዚያ ዘመን ጋር ይገናኛል?

በቀጥታ። ከ1962 ጀምሮ በእንግሊዝ ብድር ከነጮች መሬት እየተገዛ ለአፍሪካውያን ገበሬዎች ተከፋፈለ። አንድ ሚሊዮን ኤከር የሚባለው የሰፈራ ዕቅድ ነው። ልብ በሉ፤ መሬቱ የተመለሰ ሳይሆን የተሸጠ ነው። ገንዘብ ያለው፣ ማኅበር ያቋቋመ፣ ሰው ያለው ገዛ። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ ኪኩዩዎች ነበሩ፤ ከነሱም ውስጥ አባቶቻቸው እዚያው ጭሰኛ የነበሩ አሉ። ካሌንጂኖችና ማሳዮች ግን "የአባቶቻችን መሬት ነበር፤ ከኛ ተወስዶ ለሌላ ተሸጠ" ይላሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይሄው ነው።

ፖለቲከኞች ይህን ቁስል በየምርጫው ነክተውታል። በ1992 እና በ1997 ምርጫዎች ዙሪያ በሸለቆው ውስጥ ሰው ተገድሏል፤ ቤት ተቃጥሏል። ከታኅሣሥ 2007 ምርጫ በኋላ በመላ አገሪቱ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በመቶ ሺዎች ተፈናቀሉ። ከሁሉ የከፋው እዚሁ ሸለቆ ውስጥ ነበር፤ ኤልዶሬት፣ ናኩሩ፣ ናይቫሻ።

የዚያ ዘመን አሻራ ዛሬ የት ይታያል?

ከናይሮቢ ወደ ናኩሩ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ። ናይቫሻን አልፎ ኤልሜንቴታ ሐይቅ ጋ ሲደርሱ ሶይሳምቡ የሚባል ሰፊ ግቢ አለ። ደላሚር ንጆሮ ላይ ከተቸገረ በኋላ የተዛወረበት እርሻ ነው። ዛሬ የዱር እንስሳት መጠበቂያ ሆኗል፤ ቤተሰቡም እስካሁን አልለቀቀውም። ከናይሮቢ የተነሳው ሐውልት የተወሰደውም ወደዚያ ነው።